ደም ይመርጣል?

ደብረ ታቦርም ይሁን ጋይንት፣ አንድ አልጋ የሚጋሩ ባልና ሚስት ሲመረመሩ አንዳቸው ላይ ኤች አይ ቪ ይገኛል፣ ሌላው ነጻ ይሆናል። ጎረቤት “የሱ ደም አይቀበልም” ይላል። እውነት ደም ይመርጣል?

አንዳንዴ አዎ። ቫይረሱ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት ሲዲ ፎር የሚባለውን መያዣ ይይዛል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር ፋይቭ የተባለ ሁለተኛ መያዣ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎች የዚህ መያዣ ዘረ መል 32 ፊደል የጎደለባቸውን ሰዎች አገኙ። ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በቫይረሱ እምብዛም አይያዝም። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ከመቶ አንድ ያህሉ እንዲህ ነው። አፍሪካ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። እናም የአገራችን ሰው በዚህ አይጽናና!

ከተያዙ በኋላም ልዩነት አለ። ኤች ኤል ኤ የሚባሉት ዘረ መሎች የቫይረሱን ቁራጭ በሴሉ ገጽ ላይ አውጥተው ለመከላከያ ሴሎች ያሳያሉ። ከነዚህ ቢ 57 የተባለውን የወረሱ አንዳንዶች ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ለዓመታት ዝቅ አድርገው ይቆያሉ። ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ እነዚያ ባልና ሚስት? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ዘር አይደለም፤ በአንድ ግንኙነት የመተላለፉ ዕድል ማነሱ፣ በደም ያለው የቫይረስ መጠን ዝቅ ማለቱ ወይም ኮንዶም መጠቀማቸው ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። ነጻ የተባሉትም በየጊዜው ይመርመሩ።