አራት ብሎን ፍለጋ
(ለማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ስለ ኤሌክትሮኒክስ በሚደረግ ንግግር ሁሉ ዘወትር የሚነሣው ስለ ቺፑና ስለ ፕሮግራሙ ነው፡፡ ቺፑ የተበየደበትን ሰሌዳ ከሳጥኑ፣ ሳጥኑንም ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ስለሚይዘው ብሎን የሚናገር ሰው ግን እምብዛም አይገኝም፡፡ ነገሩ እጅግ ተራ ስለሚመስል ነው፡፡ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርትም ሆነ ለትርፍ ጊዜው ኤሌክትሮኒክስ የሚሞክር ወጣት ሥራውን ጀምሮ ሲያቋርጥ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቺፕ እጦት አይደለም፡፡ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን አራት ፍሬ፣ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው አለማግኘቱ ነው፡፡

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ይወሰድ፡፡ አንድ የምህንድስና ተማሪ ለጫጩት መፈልፈያ የሚሆን የሙቀት መቆጣጠሪያ ሠራ እንበል፡፡ መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ሳለ በሚገባ ይሠራል፤ መምህሩም ያመሰግናል፡፡ ሰሌዳው ግን በፕላስተር የተለጠፈ፣ ሽቦዎቹም እንዲሁ በእጅ የተሰኩ ናቸው፡፡ ከዚያ ሁሉ በኋላ መሣሪያው በታክሲ ተጭኖ ዶሮ አርቢዋ ዘንድ ይሄዳል፡፡ በመንገድ ላይ አንዲት ሽቦ ትላላለች፡፡ የዶሮ ዕንቁላል በ37.5 ዲግሪ አካባቢ 21 ቀን መቆየት ያለበት ነገር ነውና፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሌሊት ያች ሽቦ ብትነቀል የሚበላሸው የተማሪው ውጤት አይደለም፤ የሴትዮዋ ገንዘብ ነው፡፡ አርቢዋም ከዚያ ወዲያ አገር ውስጥ ተሠራ የተባለን መሣሪያ ወደ ቤቷ አታስገባም፡፡ ልፋት የበዛበት ሰሌዳ በአራት ብሎን ጉድለት ተዓማኒነቱን ያጣል ማለት ነው፡፡

ታዲያ ይህን ያህል ጥቃቅን ዕቃ ስለ ምን ይወደዳል? ብሎኑ ራሱ ውድ ሆኖ አይደለም፡፡ ውዱ ነገር የብዛቱ ማነስ ነው፡፡ የመርካቶ ብሎን ሻጮች የሚነግዱት ለበር፣ ለመኪናና ለብረታ ብረት ሥራ በሚሆነው ነው፤ እርሱም በኪሎ ወይም በፓኬት ይሸጣል፡፡ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለው ብሎን ከዚህ ንግድ በታች ነው፡፡ ከውጭ ይዘዝ ቢባል አቅራቢው የሚልከው መቶ መቶውን ነው፤ ፈላጊው የሚያስፈልገው ደግሞ አራት ነው፡፡ በብር የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይዞ ከውጭ አነስተኛ ዕቃ ማዘዝም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፡፡ ስለዚህ ዕቃው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ዘመድ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው፡፡

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፡፡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቶኪዮ የአኪሃባራ ሰፈር የራዲዮ አምፑልና ትርፍራፊ ዕቃ የሚሸጡ መደዳ ሱቆች ተተክለው ነበር፤ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ በመሆን በዓለም የታወቀው ያ ሰፈር የተነሣው ከእነዚያ ነው፡፡ በአሜሪካም ሂዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ኦሲሎስኮፕ በርካሽ ለመሸጥ የቻለው፣ ከጦርነቱ የተረፈውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በጅምላ ገዝቶ ስለ ነበር ነው፡፡ በሁለቱም አገር ርካሹ ዕቃ የመጣው ከአዲስ ፋብሪካ ሳይሆን ሌላው ከጣለው ክምር ነው፡፡

አዲስ አበባም ክምሩ አላት፤ ስሙም ምን አለሽ ተራ ነው፡፡ ስያሜው ራሱ ጥያቄ መሆኑ ለሰፈሩ የተገባ ነው፡፡ ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበው ብረት፣ የተሰበረ ማተሚያና የሞተ ኮምፒዩተር ወደዚህ ይጎርፋል፡፡ እዚህም የሚመዘነው በኪሎ ነው፡፡ መዳብና አሉሚኒየም እንደ ደረጃቸው ይለያያሉ፤ ብሎኑ ግን ከተያያዘበት ቆርቆሮ ጋር አብሮ ይቀጠቀጣል፡፡ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሲፈታ ከሃያ የማያንሱ ብሎኖች፣ ዋናውን ሰሌዳ ከወለሉ ከፍ አድርገው የሚይዙ የነሐስ እግሮች፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ማራገቢያና ልዩ ልዩ ማገናኛዎች ይገኙበታል፡፡ ማተሚያና ስካነር ከሆነ ደግሞ በእርምጃ የሚዞር ሞተርና ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይጨመርበታል፡፡ ይህን ሁሉ ለማግኘት የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ትዕግሥትና አንድ ዕውቀት ነው፡፡

ዕውቀቱ የጥርስ ነገር ነው፡፡ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ባላገሮች የማይግባቡባቸው ሁለት ቋንቋዎች አሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንደኛው የሜትር፣ ሁለተኛው የኢንች ነው፡፡ የሲዲ ማጫወቻ፣ የፍሎፒና የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚታሠሩት ኤም 3 በተባለው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ርቀትም 0.5 ሚሊ ሜትር በሆነው ብሎን ነው፡፡ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ትልቁ ሃርድ ዲስክ፣ የኃይል ሳጥኑና የጎን ክዳኑ ግን የሚታሠሩት 6-32 በሚባለው የአሜሪካ ልክ ነው፡፡ የዚህ ውፍረት 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 32 ጥርስ አለው፤ ማለትም የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፡፡ በአሮጌ ስክሪን ገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት በእጅ የሚጠብቁ ብሎኖች ደግሞ 4-40 ናቸው፤ እነዚህ ከኤም 3 ጋር በዓይን ሊለዩ አይችሉም፡፡ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው መጀመሪያ አንድ ሁለት ዙር በቀላሉ ሲገባለት ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ይነክሳል፤ በጉልበት ሲያዞረው የነሐሱ ጥርስ ይበላል፡፡ ሁለቱም ዕቃ በዚያው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ፡፡

ለመለየት የሚሆን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ ማንነቱ የታወቀ አንድ ኤም 3 ብሎን በናሙናነት ይያዛል፡፡ ያልታወቀው ብሎን ከእርሱ ጎን ጥርስ ለጥርስ ተገጣጥሞ ወደ መስኮት ብርሃን ይታያል፡፡ ጥርሶቹ ከራስ እስከ ጫፍ ተነካክሰው ብርሃን ካላሳለፉ አንድ ናቸው፡፡ በመካከል ብርሃን ከታየ የተለያዩ ናቸው፡፡ ርዝመቱ ከፈቀደ ደግሞ በተማሪ ማስመሪያ አሥር የጥርስ ርቀት ይለካል፤ ኤም 3 ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር፣ 4-40 ከሆነ 6.4 ገደማ፣ 6-32 ከሆነ 8 ገደማ ይመጣል፡፡ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኙት ኤም 2 እና ኤም 2.5 ናቸው፤ የጥርሳቸው ርቀት 0.4 እና 0.45 በመሆኑ እነርሱን በማስመሪያ ለመለየት መሞከር ዓይንን ማድከም ነው፤ በውፍረታቸው መለየት ይሻላል፡፡

ከዚህ ላይ የላፕቶፑ ብሎን ልዩ ዋጋ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ለገበያ የቀረበው ራስበሪ ፓይ፣ ከ2014ቱ ሞዴል ወዲህ በአራት ማዕዘኑ 58 በ49 ሚሊ ሜትር ተራርቀው የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹም የሚቀበሉት ኤም 2.5 ነው፡፡ ኤም 3 በግድ ቢገባበት የሰሌዳውን ጠርዝ ይፍቃል፡፡ አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ ግን የኤም 3 ነው፤ ሆኖም ከቀዳዳዎቹ አንዱ ለፒኖቹ መደዳ እጅግ የቀረበ ስለሆነ ሰፊ ራስ ያለውን ብሎን አያስቀምጥም፡፡ ለዚያ ቀዳዳ ጠባብ ራስ ያለው ይመረጣል፤ ከተገኘ የፕላስቲክ ሮንዴላ ይደረግለታል፡፡ እግረ መንገድ ለመጥቀስ ያህል፣ አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ኢቭሪያ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ነው፡፡ ብሎን፣ ዳዶ፣ ቪቴ፣ ሮንዴላና ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ ከገቡ ብዙ ዘመን አልፎአልና፣ የመርካቶ ባለሙያ ከሰሌዳው በፊት ቋንቋውን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፡፡

የነሐስ እግር ሲጠፋ የስክሪብቶ ቀፎ ይበቃል፡፡ ቀፎው በ10 ሚሊ ሜትር ርዝመት እኩል እኩል ተቆርጦ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ኤም 3 ብሎን በመካከሉ ያልፋል፡፡ ፕላስቲክ በመሆኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በዚህ ረገድ እንዲያውም ከነሐሱ ይሻላል፡፡

ስለ ገመድና ማገናኛ ሲነሣ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ፡፡ በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ባለ 40 ቀዳዳ የሃርድ ዲስክ ገመድ፣ የቀዳዳዎቹ ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በራስበሪ ፓይ 40 ፒኖች ላይ የሚሰካ ይመስላል፡፡ ሽቦዎቹ 40 የሆኑት የቀድሞው ዓይነት፣ አንዷ ቀዳዳ ካልተደፈነች፣ ያገለግላል፡፡ በኋላ የመጣው ባለ 80 ቀጫጭን ሽቦ ገመድ ግን በምንም ዓይነት መሰካት የለበትም፡፡ በእርሱ ውስጥ ሰባት መስመሮች ከመሬት መስመር ጋር አንድ ላይ የታሠሩ ናቸው፡፡ ከእነዚህ ሁለተኛው በፓዩ የ5 ቮልት ፒን ላይ፣ ሠላሳኛው ደግሞ በመሬት ፒን ላይ ያርፋሉና ኃይሉ በቀጥታ ይገናኛል፡፡ በነጻ የተገኘ ገመድ የ35 ዶላሩን ሰሌዳ የሚያጠፋው እንዲህ ነው፡፡

ከውዳቂ ሁሉ ይፈታ ማለት አይደለም፡፡ የሬዚስተር እግር ተቆርጦ የተበየደ በመሆኑ ፈትቶ ለመጠቀም የሚጠፋው ጊዜ ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል፡፡ ያረጀ የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ደግሞ በውስጡ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል አዲስ መግዛት ይሻላል፡፡ የኮምፒዩተር ኃይል ሳጥን ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ220 ቮልቱ መስመር 310 ቮልት ያህል ይሞላል፤ ከተነቀለም በኋላ ጥቂት ጊዜ ይዞ ሊቆይ ይችላል፡፡ ስለዚህ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው አስቀድሞ በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት፡፡ ጀማሪ ከሆነ አራቱን ብሎን ፈትቶ ሳጥኑን እንደተዘጋ ይተወው፡፡ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ያሉት ሲሊንደሮችም በመዶሻ ሲሰበሩ ወይም ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞሉ እሳት ያስነሣሉ፤ የምን አለሽ ተራ ሠራተኛ ይህን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እጅ ነው፡፡ ብሎን የሚፈልገው ወጣትና ብረት የሚቀጠቅጠው ሠራተኛ ቢነጋገሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ፡፡ ወጣቱ ስለ ባትሪው ይነግራል፤ ሠራተኛው ቆርቆሮው ከመቀጥቀጡ በፊት ብሎኑን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዋጋውም በኪሎ ቢሆን እንኳ ለሁለቱም ትርፍ አለው፡፡

የማኅበሩ አባላት የሚገቡበት እዚህ ላይ ነው፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ ያረጀ ኮምፒዩተር ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆን ሲወሰን የቴክኒክ አስተያየት እንዲሰጡ የሚጠየቁት መሐንዲሶች ናቸው፡፡ የሚጽፉት ቃል አብዛኛውን ጊዜ «የማይጠገን» የሚል ነው፡፡ ቃሉ ለኮምፒዩተሩ እውነት ነው፤ በውስጡ ላሉት ሃያና ሠላሳ ብሎኖች፣ ለነሐስ እግሮቹና ለማራገቢያው ግን እውነት አይደለም፡፡ ሃርድ ዲስኩ የመሥሪያ ቤቱን ምሥጢር የያዘ ስለሆነ ተለይቶ ይቀራል፡፡ የተቀረው ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ንብረት ክፍሉ በጽሑፍ ፈቅዶ አንድ ጠዋት ቢሰጥ፣ ሁለት ተማሪዎች አሥር ኮምፒዩተር ፈትተው ይጨርሳሉ፡፡ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ናሙና የሚሆን አንድ ኤም 3 ብሎንና አምስት ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፡፡ በብልቃጦቹ ላይ ኤም 2፣ ኤም 2.5፣ ኤም 3፣ 4-40 እና 6-32 ተብሎ ይጻፋል፡፡ በብርሃን ታይቶ ያልተለየው በስድስተኛ ዕቃ፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ ለብቻው ይቀመጣል፡፡