ከውጭ አገር የተመለሱ ሕፃናት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲላክ የሚሄድበት ጉዳይ በጽሑፍ ተለይቶ ይታወቃል። የትምህርቱ ዘርፍ፣ የሚቆይበት ዘመን፣ ሲመለስም የሚያገለግልበት ዓመት በውሉ ላይ ይሰፍራል። ባለቤቱና ልጆቹ ተከትለውት ሲሄዱ ግን ስለ እነርሱ የሚናገር አንድ መሥመር እንኳ በውሉ ውስጥ አይገኝም። ይሁን እንጂ የተማረው ሰው ከተመለሰ በኋላ በሥራው ላይ መጽናቱን ወይም ዓመት ሳይሞላው እንደገና ሻንጣውን መሸከፉን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የእነርሱ ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ይሆናል።

ነገሩ በደፈናው እንዳይነገር አንድ የታወቀ መንገድ ይወሰድ። በሆላንድ አገር፣ በዴልፍት ከተማ የሚገኘው የውሃ ትምህርት ተቋም በ1957 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሄዱ የውሃ መሐንዲሶችን ሲያስተምር ቆይቷል። ለዶክትሬት የሚሄድ ሰው አራት ዓመት ያህል ይቆያል። በሁለት ዓመቷ የሄደች ሕፃን ስትመለስ ስድስት ዓመት ይሆናታል ማለት ነው። በዚያ አገር ሕፃናት በሕግ የሚገደዱት ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ልክ አራት ዓመት እንደሞላቸው ትምህርት ቤት ይገባሉ። ማንበብና መጻፍ በደንብ የሚጀመረው ግን በሦስተኛው ክፍል፣ ይኸውም በስድስት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆላንድኛ ስትጫወት፣ ስትዘምርና ስትጣላ ከከረመች በኋላ፣ ንባብ ከሚጀመርበት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ተነሥታ ትመጣለች። አዲስ አበባ ስትገባ የሚጠብቃት ሌላ ፊደል ነው፤ 33ቱ ፊደላት በየሰባት ሆሄያቸው 231 ይሆናሉ። እኩዮቿ ደግሞ ሀሁን ገና በመዋዕለ ሕፃናት ጨርሰውታል።

ወላጆች «በቤታችን አማርኛ እንናገራለን» ይላሉ፤ እውነትም ነው። ቢሆንም በቅርብ ያየው ሰው የሚታዘበው ሌላ ነው። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በሆላንድኛ ትመልሳለች፣ እናትም ስለ ገባት ዝም ትላለች። እንዲህ ሲሆን ሲሆን ልጅቱ የምትሰማው እንጂ የማትናገረው አማርኛ ይኖራታል። ጉድለቱ የሚገለጠው በመጀመሪያ በድምፅ ነው። ሆላንድኛ ጠን፣ ጨን፣ ቀን፣ ጸንና ጰን የሚመስል ድምፅ ስለሌለው ጤፉ «ቴፍ»፣ ቁልፉ «ኩልፍ» ይሆናል። ዘመድ ይስቃል። ሳቁ ክፋት የለበትም፤ ልጅቱ ግን በሦስተኛው ሳቅ አፏን ትዘጋለች። ከዚህ የባሰው እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ሆላንድኛ ተናገሪላቸው» ማለት ነው። በአንዱ ቋንቋ የሚሳቅባት፣ በሌላው የምትታይ ልጅ በሁለቱም ተራ ሰው ሆና መናገር ያምራታል።

ሁለተኛው ጉድለት ከባድ ነው። በሆላንድ ሕፃናት መምህራቸውን በመጠሪያ ስሟ ይጠራሉ፣ ከዐዋቂ ጋርም ዐይን ለዐይን እያዩ ይነጋገራሉ፤ ይህ እዚያ እንደ ጥሩ አስተዳደግ ይቆጠራል። በአማርኛ ግን አንተ፣ አንቺና እርስዎ በየግሡ መድረሻ ላይ ሳይቀር የሚለዩ ናቸው። ከእናትና ከአባቷ ጋር ብቻ የኖረች ሕፃን በቤቷ «እርስዎ» የሚባል ሰው አይታ አታውቅም። ስለሆነም ከጎንደር ወይም ከደብረ ብርሃን ሊጠይቋት የመጡትን አያቷን «አንተ፣ ና ተቀመጥ» ትላቸዋለች። አያትየው አይቆጡም፤ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ያያሉ እንጂ። ያ አስተያየት ለመሐንዲሱ ከማንኛውም የፈተና ቦርድ ጥያቄ ይከብደዋል። ልጅቱን መገሠጽ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ያልተሰጣትን አልመለሰችም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውጭ አገር ሳሉ ባልና ሚስት ስለ አያቶች ሲነጋገሩ በአንቱታ እየጠሩ፣ ልጆቹም በስልክ ከእነርሱ ጋር በየሳምንቱ እንዲነጋገሩ ቢያደርጉ፣ «እርስዎ» የሚለው ቃል ባለቤት ያገኛል።

ወደ ቍጥር ሲመጣ ለመሐንዲሶች የሚጥም ነገር አለ። በሆላንድኛ ሃያ አምስት የሚባለው «አምስትና ሃያ» ተብሎ ነው። በዚህ የለመደ ልጅ በአማርኛ ሃያ አምስት ሲባል የመጀመሪያውን ቃል በአንድ ቤት፣ ሁለተኛውን በዐሥር ቤት አስቀምጦ 52 ብሎ ቢጽፍ ሒሳብ አያውቅም አይባልም። ይህን የማያውቅ መምህር ግን «ደካማ» ብሎ ይመዘግበዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። እዚያ ስምንት ሰዓት ተኩል የተባለው የትምህርት መግቢያ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ይባላል። በዴልፍት በታኅሣሥ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ወደ አልጋው የሚላከው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር ጧትን መነሻ አድርጎ መቍጠር አይመችም። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ በሚርቀው አዲስ አበባ ግን በዓመቱ ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ ቍጥሩ ከንጋት ቢነሣ ደንበኛ ምክንያት አለው። ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ በብርቱካንና በባትሪ መብራት ማስረዳት ይቻላል። ልጁም የአገሩ ሰዓት የተሳሳተ ሳይሆን የታሰበበት መሆኑን ያውቃል።

ስለ አካሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከባሕር ወለል እኩል ከሆነች ከተማ ተነሥቶ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚያርፍ ልጅ የሚያገኘው የአየር ግፊት ከለመደው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ ስንፍና አይደለም። ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የለመደው መኮሮኒ እንኳ ቶሎ አይበስልለትም።

በ1955 እ.ኤ.አ. ሊስጎርድ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ በአሜሪካ የቆዩ የአገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ የእንግድነት ስሜት በደስታ ጀምሮ ወደ ታች እንደሚወርድና መልሶ እንደሚወጣ ጻፈ። በ1963 እ.ኤ.አ. ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ደግሞ ወደ አገር የተመለሰ ሰው ያንኑ ቍልቍለት ሁለተኛ ጊዜ እንደሚወርድ አመለከቱ። ይህ ለዐዋቂው የሚሠራ ስዕል ነው። ለሕፃኑ ግን ነገሩ መመለስ አይደለም። በሁለት ዓመቱ የተለያትን አዲስ አበባ አያስታውሳትም፤ ለእርሱ ስደቱ የጀመረው ቦሌ ሲያርፍ ነው። አባት «አገራችን ገባን» ብሎ ሲደሰት ልጅ «መቼ ነው ወደ ቤት የምንመለሰው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጥያቄው ሲሰማ ብዙ ወላጅ ይደነግጥና ልጁን በውጭ ቋንቋ ብቻ ወደሚያስተምር ውድ ትምህርት ቤት ይወስዳል። ችግሩ ለጊዜው ይቀላል፤ ልጁ ግን በአገሩ እየኖረ የሰፈሩን ልጆች ሳያውቅ ያድጋል። ከ40 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል አስጨናቂ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ሕፃን አማርኛ የሚማረው ከመምህሩ ይልቅ አጠገቡ ከተቀመጡት ልጆች ነው።

ሆላንድኛውስ? ካልተነገረ በጥቂት ወራት ይሸሻል። ይህን ለማስቀረት መጨነቅ ትርፍ ያለው አይመስልም፤ ሆኖም ልጁ እዚያ ከተዋት ጓደኛው ጋር እንዲጻጻፍ መፍቀድ ያጽናናዋል።

የሕጉ ነገር በአጭሩ ይነሣ። በሆላንድ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም፤ በአሜሪካ ግን ያሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቈጠራል። ይህን ቀን ወላጆች ጽፈው ማስቀመጥ ይገባቸዋል።

ተመላሽ ሕፃናትን በግል ዕድላቸው ላይ ያልተወ አገር አለ። ጃፓን ሠራተኞቿን ወደ ውጭ በብዛት መላክ ስትጀምር የተመላሾቹ ልጆች ጉዳይ የሕዝብ ጉዳይ ሆነ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በቶክዮ አንድ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ልጆች በዋነኛነት የሚቀበል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚህ ማኅበር ያን ያህል አይጠበቅም። የሆላንድ ትምህርት ቤቶች በሐምሌ ይዘጋሉ፤ የእኛ አገር ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። በመካከል ያለው ክረምት፣ ዝናቡና ጭቃው ልጆቹን ቤት የሚያውልበት ጊዜ፣ ለፊደል የተመቸ ነው። የማኅበሩ አዳራሽ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነ፣ አንድ ትዕግሥተኛ መምህርት፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃሉ። ከዴልፍት የመጣው ልጅ ከስቶክሆልምና ከቤጂንግ ከመጡት ጋር ሲቀመጥ፣ በመካከላቸው ያለው የጋራ ቋንቋ የተሰባበረው አማርኛ ብቻ ስለሚሆን፣ ማንም በማንም አይስቅም። ምዝገባው እስከ ግንቦት መጨረሻ ቢጠናቀቅ በዚህ ዓመት የሚመለሱት ቤተሰቦች ይደርሱበታል።