ቅልቅል ዘፈን ምን ይጠይቃል?



ከመካከላችን «የአገር ዘፈን ከሌላ ጋራ ሲቀላቀል ይበላሻል» የሚሉ አሉ፤ «ካልተቀላቀለ ይሞታል» የሚሉም አሉ። ክርክሩን በጆሮ ለመፍረድ ስንል ከኮልፌ አጠና ተራ ተነሥተን፥ ከተማውን አቋርጠን፥ ፌንዲቃ የተባለው የአዝማሪ ቤት ካዛንቺስ ሳለ ኢትዮከለር የተሰኘውን ባንድ ሰምተናል። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚሁ ነው።

ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚያው ቤት ለሽልማት እየጨፈረ አደገ፤ በ2008 ቤቱን ራሱ ያዘ፤ በ2009 ባንዱን አቋቋመ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በመድረኩ ላይ መሰንቆ፥ ክራር፥ ዋሽንትና ከበሮ ይገናኛሉ። እስክስታው ሳያልቅ የጉራጌው ጭፈራ ይተካል፤ ወላይታውም ይከተላል። እንደ ኮልፌ ቀራንዮ ልዩ ልዩ ሕዝብ በአንድ አጥር ለሚኖርበት ሰፈር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገር ግን መቀላቀል ቀላል ሥራ አይምሰለን። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው ቅኝት አላቸው። ቅኝቱ ሲለወጥ ክራሩ እንደገና ይቃኛል፤ ዋሽንት ነፊውም ድምፁ ስለማይለወጥለት ሌላ ዋሽንት ያነሣል። አንዱ ሌላውን ካልጠበቀ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። በ1963 ሐሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ በየአገሩ ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩትን መሣሪያዎች አንድ ላይ ማስማማት። ሙላቱ አስታጥቄም የኢትዮ ጃዝን መንገድ ሲጠርግ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋራ ማስታረቅ ነበረበት። እንግዲህ የቅልቅል መሠረቱ እያንዳንዱን ጠንቅቆ ማወቅ ነው፤ ቅኝቱን ሳያውቅ የሚቀላቅል ሰው ግን ያጠፋል።

ሁለተኛም ነገር አለ። በአዝማሪ ቤት ሰሚው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ይህ ሙያ በሸክላም በካሴትም አይወረስም፤ የሚወረሰው ሰው ለሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ቤቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከካዛንቺስ ሰፈር ብዙው በ2024 ፈርሷል። ከተማ ማደጉን አንጠላም፤ ሆኖም ሰፈር ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን ሙያ ማን ያስጠጋዋል?

መልሱን ከሌላ አንጠብቅ። ማኅበራችን በወር አንድ ምሽት አዳራሹን ይክፈት፤ መሰንቆና ክራር የሚጫወቱ ባለሙያዎችን ይጋብዝ፤ የድካማቸውንም ዋጋ ይክፈል። ጊታር የሚመቱ ጓደኞቻችን ከጎናቸው ይቀመጡ፤ መጀመሪያ ቅኝቱን ይማሩ፥ ከዚያ ይቀላቅሉ። እኛም የቀረነው ግጥም ይዘን እንምጣ። አዝማሪ ያለ ተቀባይ፥ ተቀባይም ያለ አዝማሪ አይሆንምና።