ቡናው የኛ፣ መረጃውስ የማን?

(ጅማ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የታክሲ መጥሪያ ወይም የምግብ ማዘዣ መተግበሪያ ነው። ሌላ አገር የተሠራውን ስም ቀይሮ ማምጣት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ከሚፈልጉት አንዱ ነኝ፤ ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አጋሮ፣ ገራ፣ ሊሙና ማና መሀል ቁጭ ብለን፣ ለቡናው የሚያስብ ኩባንያ ስንት አለን?

ድፍረት ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የተመራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። "ገዢና ሻጭ ሳይተዋወቁ እንዴት ይገበያያሉ?" ለሚል ሰው መልስ ነበረው፤ ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ክፍያው በማግስቱ ባንክ ይገባል። ቡና በ2001 ዓ.ም. ገባ። ነጋዴው ብቻ ያውቀው የነበረው የአዲስ አበባ ዋጋ ለገበሬውም በስልክ መድረስ ጀመረ። ትልቅ ማሰብ ማለት ይሄ ነው!

ያ ሥርዓት ግን የጎደለው ነገር ነበር። ቡናው "ጅማ" ወይም "ሊሙ" ተብሎ በደረጃ ሲደባለቅ የማን ማሳ እንደሆነ ይጠፋ ነበር። ምንጩ የታወቀ ቡና የት እንደሚደርስ ደግሞ አይተናል፤ አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር በተቋቋመ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በአፍሪካ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ ወጥቷል።

አሁን ደግሞ ምንጭ ማወቅ ግዴታ እየሆነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ቡና እዚያ የሚገባው የበቀለበት ማሳ በካርታ ሲታወቅና ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የሚጀመርበት ቀን ተገፋ እንጂ ሕጉ አልቀረም። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ድንበሩ ይለካል፤ ለትንሹ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል።

የኛ ቡና የሚበቅለው ግን በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከሳተላይት ሲታይ ደኑና የቡናው ማሳ ይመሳሰላሉ። ታዲያ ማን ይለየው? ሩቅ አገር ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወይስ ቡና ሲለቅም ያደገ የጎማ ልጅ?

ኩባንያው እዚህ ጋ ነው ያለው ወገኔ! ማሳውን የሚለካ፣ ገበሬውን በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ፣ መረጃውን በማኅበሩ ስም የሚይዝ፣ ክፍያውን ከላኪው የሚቀበል። እኛ ካልሠራነው ሌላው ይሠራዋል፤ ነገ የገዛ ማሳችንን መረጃ ከሰው እጅ እንገዛለን።

"ገንዘቡስ?" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፤ ብድር ስንጠይቅ ቤት አስይዙ እንባላለን፤ እኔም ተብያለሁ። ስለዚህ በያዝነው እንጀምር፤ በአንድ ማኅበር፣ በመቶ ማሳ፣ በኪሳችን ባለው ስልክ። የሚሠራ ነገር ካሳየን ላኪውም ማኅበሩም ያናግረናል።

ሶፍትዌር የተማራችሁ፣ ግብርና የተማራችሁ፣ ሒሳብ አያያዝ የተማራችሁ፦ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ስልክ ተለዋወጡ።