ባዶ ብረትና የመጀመሪያው እጅ ቀለም



ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ከተማ እንደመሆኗ ብረት ለነዋሪዋ እንግዳ አይደለም። በገጠሯ፣ በቢዮ አዋሌ፣ ነባር ቤቱን የሚያድስ ሰውም ግድግዳውን መርጎ ጣሪያውን ከጠገነ በኋላ የላሜራ በሩና የመስኮቱ ፍርግርግ ይቀሩታል። ገንዘብም ትዕግሥትም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በሩ በአንድ ቀን ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው።

ቀለም ግን የሚጸናው ከሥሩ ባለው ነገር መጠን ነው። በልቅ ዝገት ላይ የተቀባ ከዝገቱ ጋር ይረግፋል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የጠራ ብረትም ባዶውን ማደር የለበትም፤ ሌሊት ከአየሩ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይቋጥራልና። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚፋቀው፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ሊቀባ የሚቻለው ያህል ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ለእጅ የማይነካ ላሜራ ደግሞ የቀለሙን ገጽ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፤ አረፋም ያወጣል። በቆላው ፀሐይ የማለዳ ሥራ ይመረጣል። ብየዳውና የብረቱ ጠርዝ ቀለም ስለሚሸሻቸው አስቀድመው በብሩሽ አንድ እጅ ሊጨመርላቸው ይገባል። ዚንክ የተለበጠ አዲስ ቆርቆሮ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ዘይት ቀለም በቀጥታ ሲያርፍበት ከዚንኩ ጋር ሳሙና መሰል ነገር ፈጥሮ ይላቀቃል፤ ለዚንክ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ቀለም ይሻል።

ከሁሉ የሚያሳስበው አቧራው ነው። የጥንቱ ቀይ የዝገት መከላከያ ከእርሳስ ኦክሳይድ ይሠራ ነበር፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ ብትወስንም፣ ደንቡ ቀድሞ የተቀባውን በር አያጸዳውም። አሮጌ ቀይ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ በእሳትም አይለበለብም። ሸራ ተነጥፎ፣ ልጆች ርቀው፣ የውሃ እንስራው ተከድኖ፣ እየረጠበ ይፋቃል።

‹ቢዮ› በሶማሊኛ ውሃ ማለት ቢሆንም ውሃ በዚያ አገር ውድ ነው፤ ለብረት መፋቂያ ማፍሰሱም ብክነት ይመስላል። ለአንድ በር ግን ጨርቅ እየነከሩ ቢሠሩ ጥቂት ጣሳ ይበቃል። የረጠበው ብረት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ መትቶት፣ ሳይመሽ አንቲረስቱን ይለብሳል።