ወላጆቻችንን እስከ መጨረሻው እንዴት እንጡር?
(በሀደራ ለአዲስ መጪ ቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሥራና ከኡልፓን ደክማችሁ ሳለ በመምጣታችሁ በማኅበራችን ስም አመሰግናለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰው ሊያነሣው ስለማይወደው ጉዳይ ነው። እናት ወይም አባት አልጋ ሲይዙና ቤተሰብ ብቻውን ማስታመም ሲያቅተው ምን ይደረጋል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን ሽማግሌ የሚጦረው በልጁ ቤት ነው። ጎንደር ላይ ሰው ሲታመም ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል። አዲስ አበባ የቆያችሁም መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ታውቁታላችሁ። እዚያ የሚገቡት አብዛኞቹ ጧሪ ቀባሪ ያጡ፣ በየመንገዱ የወደቁ ናቸው። ስለዚህ እዚህ «ቤት አቮት» ሲባል «እናቴን ልጥላት ነውን?» ብለን እንደነግጣለን። ነገር ግን በዚህ አገር ቤት አቮት ልጅ ለሌለው ብቻ የተሠራ አይደለም። ባልና ሚስት ሥራ በሚውሉበት፣ ጎረቤት በማይተዋወቅበት ፎቅ ላይ ሌሊቱን በሙሉ መገላበጥ የሚያስፈልገውን ሰው ማስታመም ከአቅም በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እናትን የሚጥላት አስገብቶ የማይመለስ ልጅ ነው።

አንደኛ፣ ከቤት አቮት በፊት በቤት የሚሰጥ እርዳታ መኖሩን እወቁ። ከ1988 ጀምሮ ቢቱዋሕ ለኡሚ በሲዑድ ሕግ መሠረት የጡረታ ዕድሜ ደርሰው በቤታቸው ለሚኖሩና ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት፣ በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ ሰው ለሚያስፈልጋቸው ይረዳል። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ እርዳታው በስድስት ደረጃ ተከፍሏል። መርማሪው ሲመጣ አንድ ነገር ልብ በሉ። አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ከትራሳቸው ቀና ብለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ መርማሪውም ደህና ናቸው ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ የሚያስታምመው ሰው በዚያ ሰዓት አጠገባቸው ይሁንና በየቀኑ የሚያየውን በግልጽ ይናገር።

ሁለተኛ፣ በቤት ካልተቻለ ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪማችሁና ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሂዱ። ሕመምተኛው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሩ። ሙሉ ማስታመም ለሚያስፈልገው ወይም አእምሮው ለደከመ አረጋዊ በጤና ሚኒስቴር በኩል «ኮድ» የሚባል የገንዘብ ድጋፍ አለ። ቤቱን ከመምረጣችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ። ልጆች በአውቶቡስ ደርሰው የሚመለሱበት ነው ወይ? አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ሠራተኛ አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ከሕንፃው ውበት ይበልጣሉ። አእምሮ ሲደክም ኋላ የተማሩት ዕብራይስጥ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላልና፣ የሚቀረው የእናት ቋንቋ ነው።

ሦስተኛ፣ ትርጉም የልጅ ሥራ አይደለም። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያሉትን እናት ልጅ «ሆዷን አሟታል» ብሎ ቢተረጉም፣ ሐኪሙ ሆዳቸውን ይመረምራል፤ ሐዘናቸውን ግን ማንም አይሰማም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም «አያትህ አይድኑም» የሚለውን ቃል በአፉ ማስተላለፍ የለበትም። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። ጤና ሚኒስቴርም በ2011 ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕመምተኛው ቋንቋና ባህል ምቹ እንዲያደርጉ መመሪያ አውጥቷል። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

አራተኛ፣ በአልጋው አጠገብ የእኛ ሥራ አለ። ተረከዝና ወገብ ላይ ቅላት ካያችሁ ለነርሷ ወዲያው ንገሩ፤ የመኝታ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከንፈርና አፍ ሲደርቅ በረጠበ ጨርቅ አርጥቡ። ሕመማቸውን ደብቀው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ እንደሆነ እናንተ ተናገሩላቸው። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ በልኩ ሲሰጥ ሕመም ለማስታገስ ነው እንጂ ለመግደል አይደለም።

ምግብም አለ። መጃጀት እጅግ ሲጸና ሰው መዋጥ ይቸግረዋል፣ ያን ጊዜ በቱቦ መመገብ ይነሣ ይሆናል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ደረጃ ላይ ላሉት ከቱቦ ይልቅ በእጅ፣ በጥንቃቄ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማብላት እንደሚሻል መክሯል። ይህ የእኛው ጉርሻ ነው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ትንሽ ስጡ፣ እስኪውጡ ጠብቁ። ምን ዓይነት ምግብ ለመዋጥ እንደሚስማማ ግን ነርሷን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አምስተኛውና ከባዱ፣ ማን ይነገረው፣ ማንስ ይወስን የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ዜና ለቤተ ዘመድ በሽማግሌ በኩል፣ በጊዜውና በወጉ ይነገራል። እዚህ ግን ሕጉ ሐኪሙ ለሕመምተኛው ለራሱ እንዲነግር ያዛል። ብዙ ቤተሰብ «እናታችንን በቃል ገደላት» ብሎ ከሐኪም ጋር የሚጣላው በዚህ ነው። ጠቡን የሚያስቀረው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። «እማዬ፣ ሐኪሙ ከባድ ነገር ቢኖረው ለአንቺ ይንገርሽ ወይስ ለታላቅ ልጅሽ?» በሏቸው፤ መልሳቸውንም እርሳቸው ራሳቸው በአስተርጓሚ ለሐኪሙ ይንገሩ።

በ2005 የወጣው ለሞት የተቃረበ ሕመምተኛ ሕግም አለ። ሕጉ የሚመለከተው ሐኪም ቢታከምም ከስድስት ወር በላይ አይኖርም ያለውን ሰው ነው። መግደልን ይከለክላል፣ ሕመምን ማስታገስን ግን ያዛል። ሰው ገና አእምሮው ሳለ የትኛውን ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሞ ሊያስቀምጥ፣ ወይም በእርሱ ፈንታ የሚወስን ሰው ሊወክል ይችላል። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ፣ አባት መናገር ካቆሙ በኋላ፣ ልጆች በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ይከራከራሉ። ከቀብር በኋላም ቂሙ ይቀራል።

ወላጁ በቤቱ ማረፍ የሚፈልግ ከሆነም የኩፓት ሖሊም ሐኪማችሁን ስለ ቤት ሆስፒስ ጠይቁ። ሐኪምና ነርስ ወደ ቤት የሚመጡበት አገልግሎት ነው።

ወገኖቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቡና አፍሉና ወላጆቻችሁን የት መሆን እንደሚፈልጉ፣ ማን እንዲወስንላቸው እንደሚሹ ጠይቋቸው። ወላጆቻቸው ቤት አቮት ያሉትን ደግሞ ማኅበራችን የጠያቂዎች ተራ እንድናወጣ ይረዳን ዘንድ ስማቸውን ዛሬ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። በአገራችን ለሕመምተኛ ተራ ገብተን እናድር ነበር፤ እዚህም ያንኑ ልማድ ማቆየት እንችላለን።