ለረቡዕ አጥቢያ የሚነሳው አውሮፕላን
(ለመንገደኞችና ለሸኚዎቻቸው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ከናይሮቢ እስከ ቶሮንቶ ስላለው መንገድ ነው። ከካኩማ እስከ ናይሮቢ ያለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት እንለፈው።

በአንድ ወንድማችን ከደረሰው እንጀምር። ትኬቱን የገዛለት ካናዳ የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ነበር። ትኬቱ «ረቡዕ 00፡30» ይላል። ልጁ ረቡዕ ቀኑን ከወዳጆቹ ጋር ሲሰነባበት ዋለና ማታ በ3 ሰዓት ሻንጣውን ይዞ ጆሞ ኬንያታ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ ከሃያ ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር። ሌላ ትኬት እስኪገኝለት ያሳለፈውን ጭንቀት አብረነው አይተናል።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። በአየር መንገድ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ግን አዲሱ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ያ ትኬት በእኛ አነጋገር «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል» ማለት ነው። «አጥቢያ» የምትለው ቃላችን ነገሩን ከማንም በተሻለ ታስረዳለች። መንገደኛው አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለበት ማክሰኞ ማታ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ቀንም በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

ብዙዎች «ለምን በአውሮፓ ያዞሩናል?» ይሉናል። ከናይሮቢ ቶሮንቶ በቀጥታ ቢለካ ወደ 12,210 ኪሎ ሜትር ነው። በአምስተርዳም ሲኬድ እስከዚያ ወደ 6,680፣ ከዚያ ወደ 5,990 ይሆናል። ጭማሪው 500 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በወረቀት ካርታ ላይ ጠመዝማዛ ይመስላል፤ ምድር ግን ክብ ናትና በሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ብትለኩ አምስተርዳም ከመንገዱ ብዙም አትርቅም።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር፤ ወቅቱ የእነሱ ክረምት ነው እንበል። ረቡዕ 00፡30 የተነሳው አውሮፕላን ስምንት ሰዓት ያህል በርሮ አምስተርዳም ይደርሳል። ናይሮቢ ከጠዋቱ 2፡30 ሲሆን እዚያ ገና 12፡30 ነው። ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ይጠበቃል እንበል። እንደገና ስምንት ሰዓት ያህል ይበረራል። ቶሮንቶ ሲደረስ ያው ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30 ነው። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ጉዞው 16 ሰዓት የፈጀ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን 24 ሰዓት ሞልቷል፤ እዚህ ለሐሙስ አጥቢያ ሆኗል። (ከቶሮንቶ አምስተርዳም ሲመለሱ ሰባት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ አውሮፕላኑን ይገፋዋል።)

ይህን የምንነግረው ለመንገደኞች ብቻ አይደለም። ባለፈው አንዲት እናት ልጇ ከሄደ ጀምሮ ድምፁን ስላልሰማች ረቡዕን ሙሉ እህል ሳትቀምስ ዋለች። ልጁ ግን በዚያ ሰዓት ገና በአየር ላይ ነበር። እናቶች፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት ስልክ ባይመጣ አትደንግጡ።

እናንተም ስትደውሉ፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ከእኛ ወደኋላ መሆናቸውን አስቡ። በክረምታቸው እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስንል እነሱ እኩለ ሌሊት ላይ ናቸው። ከቀኑ 10 ሰዓት ብትደውሉ ቁርስ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ትኬት የደረሳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አብረን እናነበዋለን።